ከ«ዲስክ ነው» በፊት ጉልበቱን እንምታ

እግሩ የሰነፈ ሰው ጅማ ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ዲስክ ነው»፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ወጥቶ ነርቭ ተጫነ ማለት ነው። ጎረቤት ይላል፣ የባጃጅ ሹፌር ይላል፣ አንዳንዴ ነጭ ጋውን የለበሰውም ይላል። ከዚያ ወሬው ቶሎ የሰውነትን ውስጥ በማግኔት ፎቶ ወደሚያነሳው ኤምአርአይ ይዞራል። የት ይሻላል? ስንት ይጠይቃሉ? አዲስ አበባ ማን ዘመድ አለን? መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትራንስፖርት አለ፣ ማደሪያ አለ፣ አብሮ የሚሄድ አስታማሚ አለ። ያልተለቀመ ቡና አስቀድሞ ይሸጣል። በሬ ይሸጣል።

እስከዚህ ድረስ ግን የሰውዬውን ሱሪ ሰብስቦ ጉልበቱን የመታ ሰው ላይኖር ይችላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ ጅማ ተምሬ ጅማ ነው የማስተምረው። አንድ የሐኪም የጎማ መዶሻ፣ ሁለት እጅና 15 ደቂቃ ካለ፣ ችግሩ አንጎል ላይ ይሁን፣ ኅብለ ሰረሰር (አከርካሪ ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ) ላይ፣ ከዚያ በሚወጡት ነርቮች ላይ ወይስ ጡንቻው ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ መገመት ይቻላል። ከግምትም በላይ የሆነ ግምት ነው። ፎቶ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ የት ቦታ እንደሚነሳ የሚወስነውም ይሄው ምርመራ ነው።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። ገበሬ ናቸው፣ ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር የመጡ። እግራቸው ከከዳቸው ወራት አልፏል። ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ደግፈው አስገቧቸው። ይዘው የመጡት ትልቅ የፊልም ፖስታ ነው። ሌላ ቦታ የተነሳ የወገብ ኤምአርአይ። ንባቡ «ቀላል የዲስክ መውጣት» ይላል። በእሳቸው ዕድሜ ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም በብዛት የሚታይ ነገር ነው። በዚያ ንባብ ተመሥርቶ የሕመም ማስታገሻና የቫይታሚን ቢ መርፌ ሲሰጣቸው ከርሟል።

ጉልበታቸውን ስመታው እግራቸው ተስፈነጠረ። የግራውም እንደዚያው። እግራቸውን ይዤ ቁርጭምጭሚቱን ድንገት ወደ ላይ ገፋ ሳደርገው እጄ ላይ እየደጋገመ መምታት ጀመረ፤ እስክለቀው አላቆመም። ክሎነስ እንለዋለን። ውስጥ እግራቸውን ስጭረው አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ተነሳ። እነዚህ ሦስቱ አብረው ሲመጡ ችግሩ ከወገብ በላይ ነው ማለት ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ኅብለ ሰረሰር የሚያልቀው በ1ኛውና በ2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለው የነርቭ ሥሮች ጥቅል ነው። እዚያ የሚጫን ዲስክ ሪፍሌክስን፣ ማለትም ጡንቻው ሲመታ ሳይታዘዝ የሚሰጠውን መልስ፣ ይቀንሳል ወይም ያጠፋል እንጂ እግር አያስፈነጥርም።

ከዚያ በጥጥና በሹል ነገር ስሜታቸውን ከእግር ወደ ላይ እየተከተልኩ ሄድኩ። ከጡት በታች፣ ከእምብርት በላይ፣ መሃል ላይ ስደርስ «አሁን ተሰማኝ» አሉ። ጀርባቸውን አስገልጬ አከርካሪያቸውን በጣቴ እየነካሁ ወረድኩ። መካከሉ ላይ ወጣ ያለ ጉብታ አለ። ሲነኩት ያማል። ፎቶ የተነሳው ወገብ፣ የታመመው ጀርባ።

የአከርካሪ ቲቢ ነበር። መድኃኒቱን ጀመሩ፤ ጉልበታቸው በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ተመለሰ። አሁን በከዘራ ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ወራት ባይባክን ከዘራውም ባላስፈለጋቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። የከፈሉት ገንዘብ ያንገበግባል፤ የባከነው ጊዜ ግን ይብሳል፤ የተጫነ ኅብለ ሰረሰር ጊዜ አይሰጥም።

መዶሻው ይህን እንዴት ያውቃል? ነገሩ ቀላል ነው። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ሲመታ የፊተኛው የጭን ጡንቻ ድንገት ይለጠጣል። ጡንቻው ውስጥ መለጠጥን የሚያውቁ ጥቃቅን አካላት አሉ። መልእክቱን ወደ ኅብለ ሰረሰር ይልካሉ፤ በዋናነት በ3ኛውና በ4ኛው የወገብ ነርቭ በኩል። እዚያ አንድ መገናኛ ብቻ ይሻገርና ያንኑ ጡንቻ ወደሚያዝዘው ነርቭ ይገባል። ጡንቻው ይኮማተራል፣ እግሩ ወደ ፊት ይወረወራል። ሁሉም ነገር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አይቆይም። አንጎልን የጠየቀው የለም።

ባይጠየቅም ግን ልጓሙን የያዘው አንጎል ነው። ከላይ የሚወርደው መስመር ሪፍሌክሱ ከልክ እንዳያልፍ ይገታዋል። መስመሩ አንጎል ውስጥ ወይም ኅብለ ሰረሰር ላይ ከተጎዳ ልጓሙ ይላላል፤ እግሩ ይፈናጠራል። ጉዳቱ ከኅብለ ሰረሰር ወጥቶ ወደ ጡንቻው የሚሄደው ነርቭ ላይ ከሆነ ግን ዙሩ ራሱ ተበጥሷል፤ ብትመቱት መልስ የለም። ሁለቱም በሽተኞች የሚሉን አንድ ነው፤ «እግሬ አልታዘዝ አለኝ።» የሚለያቸው መዶሻው ነው።

ይህን የጉልበት ሪፍሌክስ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት ዊልሄልም ኤርብና ካርል ዌስትፋል የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1875፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ በአንድ ዓመት ጻፉት። አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ሆነው። እስካሁን የተካው ነገር የለም።

አሁን ወደ አመታቱ ልምጣ። ተማሪዎቼ ይህን ክፍል ችላ ይሉታል፤ እኔ ደግሞ ሙጭጭ የምለው እዚሁ ላይ ነው። ጡንቻው ዘና ካላለ ሪፍሌክስ የለም። ሐኪም ፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዘና አይልም። እግሩን ወጥሮ ይይዛል፣ ወይም ደግ ሰው ስለሆነ መዶሻው ሲያርፍ ራሱ ያነሳልናል። ስለዚህ እግሩ ተንጠልጥሎ መሬት እንዳይነካ ከፍ ያለ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጥ። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበት አይመታም፤ ተረከዙ መሬት ይዟል። መቀመጥ ካልቻለ አስተኙትና ከጉልበቱ ሥር ክንዳችሁን አስገብታችሁ ክብደቱን እናንተ ተሸከሙለት። «አባባ፣ እግርዎን ለእኔ ይተዉልኝ፣ እኔ ይዤዋለሁ» ማለት ይጠቅማል። ስለ ዘንድሮ ቡና መጠየቅም ይጠቅማል። ዋጋው ወድቆ ከሆነ እግሩን ጨርሶ ይረሳዋል።

መዶሻውን ደግሞ አትግፉት። ከእጅ አንጓ ለቀቅ አድርጋችሁ በራሱ ክብደት ይውደቅ። ተማሪዎች ኪስ ውስጥ የማያት ባለ ሦስት ማዕዘን ጎማ፣ አጭር እጀታ ያላት መዶሻ ትቀለኛለች። ረጅም እጀታና ከበድ ያለ ጭንቅላት ያለውን እመርጣለሁ። ቢሆንም ትንሿም ከባዶ እጅ ትሻላለች። መዶሻ የሌለው በስቴቶስኮፕ ጠርዝ ይምታ። መምታቱ ነው ዋናው።

መልስ ከጠፋ «የለም» ብላችሁ ለመጻፍ አትቸኩሉ። የሁለት እጁን ጣቶች አቆላልፎ በኃይል ወደ ግራና ቀኝ እንዲስብ ንገሩት፤ በሚስብበት ቅጽበት ምቱ። ተደብቆ የነበረው ሪፍሌክስ ብቅ ይላል። ዘዴው ጄንድራሲክ ከሚባል የሃንጋሪ ሐኪም የመጣ ነው፤ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ። አብዛኞቹ በሽተኞቻችን ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ለሚመጡ ኢንተርኖች (ተለማማጅ ሐኪሞች) መጀመሪያ የምነግራቸው ሁለት ቃል ነው፤ «ሀርኪሳ» ሳቡ፣ «ዲባ» ግፉ። በነዚህ ሁለት ቃላት የጥንካሬ ምርመራው ግማሹ ይሠራል።

ውጤቱ ከ0 እስከ 4 ነው የሚጻፈው። 2 ጤነኛ ነው። 0 ምንም የለም፣ 4 ክሎነስ ድረስ የሄደ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ፈተና የደረሰበት ወጣት ሁሉም ሪፍሌክሱ 3 ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛ ነው። አንዳንድ አዛውንት የቁርጭምጭሚታቸው ጠፍቶ ምንም አይሆኑም። የሚያስደነግጠው ልዩነት ነው። ቀኙ ከግራው ሲለይ፣ እግሩ ከእጁ ሲለይ። እጁ ላይ 2፣ እግሩ ላይ 4 ከሆነ ጉዳቱን አንገትና ወገብ መካከል ፈልጉ። ለዚህ ነው ቀኙን መትቶ ወዲያው ግራውን መምታት የሚያስፈልገው። ቀኝ እጅ፣ ቀኝ እግር፣ ከዚያ ወደ ግራ ዞሮ የሚመታ ሰው እጁ ማወዳደሩን ይረሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከዛፍ ወድቆ ወይም በመኪና ተገጭቶ ኅብለ ሰረሰሩ በድንገት የተጎዳ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሪፍሌክሱ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። መፈናጠሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ይህን ሳያውቁ «ሪፍሌክስ የለውም፣ ኅብለ ሰረሰሩ ደህና ነው» ማለት ትልቅ አደጋ አለው።

ስለ አውራ ጣቱ ደግሞ። ጆሴፍ ባቢንስኪ ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1896 በጣም አጭር በሆነች ጽሑፍ ነው ያስተዋወቀው። የውስጥ እግር የውጨኛው ጠርዝ ከተረከዝ ወደ ጣቶች ሲጫር የጤነኛ አዋቂ ሰው አውራ ጣት ወደ ታች ይታጠፋል። ከላይ የሚወርደው መስመር ከተጎዳ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሌሎቹም ጣቶች ይበታተናሉ። ሕፃን ልጅ ላይ መነሳቱ ጤና ነው፤ መስመሩ ገና አልበሰለም። እዚህ እኛ ጋ አንድ ችግር አለ። ዕድሜውን በባዶ እግር የሄደ ገበሬ ውስጥ እግሩ ከመጠንከሩ የተነሳ ቢጭሩትም አይሰማውም። ያኔ ከእግሩ ጎን፣ ከውጨኛው የቁርጭምጭሚት አጥንት በታች ያለውን ስስ ቆዳ ጫሩ። አሜሪካዊው ቻዶክ ያሳየው መንገድ ነው፤ እዚያ በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎችን አስቦ ይሁን አይሁን ለእኛ ግን በእጅጉ ተመችቶናል።

ሪፍሌክስ የሚወደድበት ሌላ ምክንያት አለው፤ መጥፋቱን ማስመሰል በጣም ይከብዳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እግሯ ከታች ወደ ላይ እየዛለ የሄደ ወጣት ሴት ስትመጣ «ጭንቀት ነው፣ ፈተና አለባት» የሚል ሰው አይጠፋም። ጉልበቷን፣ ቁርጭምጭሚቷን፣ ክርኗን መትታችሁ ሁሉም ዝም ካለ ጭንቀት የሚለውን ተዉት። ጊላን ባሬ የሚባለው የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ወደ ላይ ወጥቶ መተንፈሻ ጡንቻ ላይ ሊደርስ ስለሚችል ወደ ቤት አትላኳት። በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት መቁጠር እንደምትችል አስቆጥሯት፣ በየተወሰነ ሰዓቱ ደግሙት። ጠዋት 30 የደረሰች ማታ 15 ላይ ካቆመች ነገሩ ድንገተኛ ነው።

የጉልበት ሪፍሌክስ የነርቭ ሐኪም ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው አዋላጅ ነርሶቻችንን ይይ። በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ የመንቀጥቀጥ አደጋ ያንዣበበባት እናት ማግኒዢየም ሰልፌት ይሰጣታል። ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ነው። ሲበዛ ግን ትንፋሽ ያቆማል። ትንፋሽ ከማቆሙ በፊት የሚያጠፋው የጉልበትን ሪፍሌክስ ነው። ስለዚህ አዋላጇ ቀጣዩን መጠን ከመስጠቷ በፊት ሦስት ነገር ታያለች፤ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር፣ የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩን። ጉልበቱ ካልመለሰ መርፌው ይቆያል፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ይዘጋጃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ላቦራቶሪው የማግኒዢየም መጠን በማይለካበት ቦታ፣ አንዲት አዋላጅ በእጇ ጠርዝ ጉልበት መትታ ትወስናለች። ይህን ሳይ በሙያችን እኮራለሁ።

ወደ ጥንካሬ ልለፍ። ጥንካሬ ከ0 እስከ 5 የሚለካበት መንገድ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ነርቫቸው የተጎዳ ወታደሮችን ለመመርመር ያወጣው ነው። 0 ምንም የለም። 1 ጡንቻው ይርገበገባል ግን እግሩ አይንቀሳቀስም። 2 አልጋው ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ማንሳት ግን አይችልም። 3 ያነሳል፣ ትንሽ ሲጫኑት ይወድቃል። 4 ይቋቋማል፣ ግን ይሸነፋል። 5 ሙሉ ነው። 4 ላይ ቅሬታ አለኝ። ትንሽ የደከመውም፣ በጣም የደከመውም እዚያው 4 ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ካርድ ላይ ከቁጥሩ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። «ያለ ድጋፍ ከወንበር አይነሳም» ከ«4» የበለጠ ይናገራል።

እውነቱን ለመናገር ጥንካሬ ከእጅ ግፊያ ይልቅ ኑሮ ላይ ይታያል። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አስቡት፤ ዝቅ ያለ ነው። ከእሱ ለመነሳት ሁለት እጁን ጭኑ ላይ የሚተክል ሰው የዳሌና የጭን ጡንቻው ደክሟል። ቁጢጥ ብሎ መነሳት ያቃተውም እንደዚያው። ቡና ስትለቅም ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ጎትታ መያዝ ያቃታት ሴት የትከሻ ጡንቻዋን እየነገረችን ነው። ነጠላ ጫማ ከእግሩ እየወለቀ የሚያስቸግረው ሰው እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ማንሳት አቅቶታል። እነዚህን ጥያቄዎች ከመዶሻው በፊት ጠይቁ።

ባት ላይ አትሸወዱ። የባት ጡንቻ መላ ሰውነትን የሚሸከም ነው፤ ግማሽ ጥንካሬው ቢጠፋም በእጃችሁ አትረቱትም። በጣቱ ጫፍ ቁሙ በሉት፣ በአንድ እግሩ። ከዚያ በተረከዙ ይራመድ። በሁለት ደቂቃ ከአልጋ ላይ ግፊያ የማይገኝ ነገር ታገኛላችሁ።

ቀላል ስትሮክ ለመያዝ የምወደው ምርመራ ደግሞ አለ። ሁለት እጁን ወደ ፊት ይዘርጋ፣ መዳፉ ወደ ላይ። ለብዙዎቹ በሽተኞቻችን «ለዱዓ እንደሚዘረጉት» ማለት ይበቃል፤ ከዚያ ክርናቸውን ቀጥ ያደርጋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍኑና ጥቂት ሰከንድ ይቆዩ። የደከመው እጅ መዳፉ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ቀስ እያለም ይወርዳል። ሰውዬው አያውቀውም። ዓይኑን ሲገልጥ የራሱን እጅ አይቶ የሚደነግጥ አለ።

ቅንጅት የመጨረሻው ነው፤ ተማሪዎችም በጣም የሚቸኩሉበት። እዚህ የምንመረምረው በአብዛኛው ከኋላ በኩል ያለውን ትንሹን አንጎል፣ ሴሬቤለምን ነው። ጣትህ አፍንጫህን ይንካ፣ ከዚያ የእኔን ጣት። ጣታችሁን እጁ ሙሉ ተዘርግቶ በሚደርስበት ርቀት ላይ ያዙት፤ ቀረብ ከተደረገ ችግሩ ይደበቃል። የተጎዳ ሰው እጁ መንገድ ላይ ደህና ሄዶ ወደ ዒላማው ሲቃረብ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያልፈዋል ወይም ሳይደርስ ይቀራል። አንዲት እናት «ከጀበና ወደ ሲኒ ስቀዳ ረከቦቱን ነው የማጠጣው» ብለውኛል። ምርመራውን ቤታቸው ጨርሰውት ነው የመጡት።

ከዚያ ተረከዙን በሌላው እግር ቅልጥም ላይ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያንሸራት። መዳፉን እያገላበጠ ጭኑን በፍጥነት ይምታ። በመጨረሻም ተረከዙን ከጣቱ እያስጠጋ በቀጥታ መስመር ይራመድ። ስለ ሴሬቤለም ከምናውቀው ብዙው የመጣው ጎርደን ሆልምስ የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከማጅራት በላይ ያለው የጭንቅላታቸው ክፍል በጥይት የተጎዳ ወታደሮችን መርምሮ ከጻፈው ነው።

እዚህ ላይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ አንድ ወጣት ላንሳ። እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ንግግሩ ይጎተታል። ቤተሰቡ መጠጥ ጀመረ ብሎ አምርሮ አዝኗል። ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ሰዎች ናቸው፤ አባቱ ልጁን ማናገር አቁመዋል። ልጁ «አልጠጣሁም» ቢል የሚሰማው አጣ። ጥንካሬው 5 ነው። ሪፍሌክሱ ደህና ነው። ጣቱ ግን አፍንጫውን ይስታል፤ ዓይኑ ወደ ጎን ሲያይ ይርገበገባል፤ ቀጥታ መስመር ላይ ሦስት እርምጃ አልሄደም። የመድኃኒቱን ሳጥን አየን። ፌኒቶይን ነው፤ መጠኑ በቅርብ ጊዜ ተጨምሯል። የዚህ መድኃኒት ጠባይ አስቸጋሪ ነው፤ ጉበት የማስወገድ አቅሙ ከሞላ በኋላ ትንሽ ጭማሪ ደም ውስጥ ያለውን መጠን በብዙ ያዘልለዋል። መጠኑ ሲቀነስ አካሄዱ ተስተካከለ። አባቱን አስጠርቼ ከልጁ ፊት ነገርኳቸው፤ «ልጅዎ ጠጥቶ አያውቅም፣ መድኃኒቱ ነው።» የምርመራው ትልቁ ጥቅም ያን ቀን ይሄ ነበር።

አንድ የተለመደ መደናገር ላጥራ። እግሩን ገጥሞ ዓይኑን ሲጨፍን የሚወድቅ ሰው የግድ ሴሬቤለሙ ተጎድቷል ማለት አይደለም። ይህ የሮምበርግ ምርመራ የሚባለው የሚያሳየው እግር የት እንዳለ የሚነግረንን ስሜት ነው። የሴሬቤለም በሽተኛ ዓይኑን ገልጦም ይንገዳገዳል።

የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትምህርቱ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ የሚልክ ነበር። እስካሁን ተማሪዎቻችን አጋሮ፣ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሸቤ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ። እዚያ ኤምአርአይ የለም፣ ሲቲ ስካንም የለም። እግሩ የሰነፈው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ደግሞ እዚያው ነው። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የእግር መስነፍ፣ ለተሻለ ምርመራ» ብላችሁ አታቁሙ። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦

«የሁለቱም ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሪፍሌክስ 4፣ የእጅ 2። አውራ ጣት ሁለቱም ወደ ላይ። የእግር ጥንካሬ 3 ከ5፣ የእጅ 5። ስሜት ከእምብርት በታች ቀንሷል። ሽንት አልወጣለትም። ከጀመረው ሦስት ሳምንት።»

ስድስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን የሚያነብ ሐኪም ፎቶው ጀርባ ላይ እንጂ ወገብ ላይ እንደማይነሳ ያውቃል። «ሽንት አልወጣለትም» የሚለውን ካየ ደግሞ በሽተኛውን ለሚቀጥለው ሳምንት አይቀጥረውም፤ ያን ዕለት አልጋ ይፈልግለታል።